«ከካንሰር ጋር ተያይዟል» ሲባል ምን ማለት ነው?

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ያሉት ጎረቤቴ እትዬ፣ ባለፈው የአቶርቫስታቲን ክኒናቸውን ይዘው መጡ። ከአሥሩ ሦስቱ ብቻ ተውጠዋል። «ይሄ የኮሌስትሮል መድኃኒት ከቆሽት ካንሰር ጋር ተያይዟል አሉ፤ ተውኩት» አሉኝ። እውነት ለመናገር ያኔ የእኔም ቆሽት አረረ።

ጣጣው ያለው «ተያይዟል» የምትለው ቃል ላይ ነው። ሁለት ነገሮች አብረው ታዩ ማለት ነው እንጂ አንዱ ሌላውን አመጣ ማለት አይደለም። ክረምት ሲገባ ጃንጥላ ይበዛል፤ ጃንጥላ ግን ዝናብ አይጠራም።

እንዲያውም ስታቲን (አቶርቫስታቲን ያለበት የኮሌስትሮል መድኃኒቶች ወገን) የሚወስዱና የማይወስዱ ሰዎችን ካነጻጸሩ ጥናቶች አንዳንዶቹ ያገኙት ተቃራኒውን ነው፤ የቆሽት ካንሰር በወሳጆቹ ላይ አነሰ። ይህም ቢሆን ክኒኑ ይከላከላል አያሰኝም። መድኃኒት ሳያቋርጥ የሚውጥ ሰው ሐኪም ጋር ይመላለሳል፤ ምናልባት ሲጋራም ትቷል። ሲጋራ ደግሞ ለቆሽት ካንሰር እንደሚያጋልጥ የታወቀ ነው።

ነገሩን የሚለየው ሰዎችን በዕጣ መክፈል ነው፤ ለአንዱ ወገን መድኃኒቱ፣ ለሌላው ባዶ ክኒን ወይም አነስ ያለ መጠን ይሰጣል። በ2012 እ.ኤ.አ. ወደ 175,000 ሰዎች የተሳተፉባቸው 27 እንዲህ ያሉ ሙከራዎች ተደምረው ታዩ። አምስት ዓመት ገደማ ተወስዶ፣ ስታቲን ካንሰርን አልጨመረም፤ አልቀነሰምም።

እትዬ ሰምተው ሲያበቁ «ታዲያ ጭኔን የሚቆረጥመኝስ?» አሉ። ይሄኛው ሌላ ነው። የጡንቻ ሕመም የታወቀ የጎንዮሽ ጉዳት ነው። ከጤና ጣቢያው ሐኪም ጋር መነጋገር የነበረባቸው ስለሱ ነበር።