በመሃል አዲስ አበባ በደብል ጋቢና ሞተር ሳይክል መጫንና የማደሪያ ተሳቢ መጎተት

ደብል ጋቢና ፒክአፕ በመሃል አዲስ አበባ ከሰኞ እስከ ዓርብ የግንባታ ዕቃና ሠራተኛ የሚያመላልስ የሥራ መኪና ነው። ቅዳሜ ጠዋት ግን ከእነዚሁ መኪኖች ጥቂቶቹ በካሶኒያቸው (ከጋቢናው ኋላ ባለው የጭነት ሣጥን) አንድ ወይም ሁለት የጥርጊያ መንገድ ሞተር ጭነው፣ አንዳንዶቹም ባለ አንድ ዘንግ አነስተኛ የማደሪያ ተሳቢ አስከትለው ወደ ላንጋኖ፣ ወደ ወንጪ ወይም ወደ ሱሉልታ ይወጣሉ። ልማዱ የጥቂት ሰዎች ቢሆንም፣ የተሸከመው የእጅ ሙያ ግን ከመርካቶ ሶማሌ ተራ እስከ ጌጃ ሰፈር የብየዳ ቤቶች የተዘረጋ ሰፊ እውቀት ነው፤ ይህ እውቀት እስከ ዛሬ በቃል ሲተላለፍ ስለኖረ በጽሑፍ ሊሰፍር ይገባዋል።

ታሪካዊ መነሻ

ከባድ ነገርን በተራራማ አገር መጎተት ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ሥራ አይደለም። በቸርችል ጎዳና አናት፣ በቴዎድሮስ አደባባይ ላይ አምሳያው የቆመው ሴባስቶፖል መድፍ 70 ኩንታል ገደማ ይመዝን ነበር፤ አጼ ቴዎድሮስም በ1860 ዓ.ም. ከጋፋት እስከ መቅደላ ያደረሱት ፊት ለፊቱ መንገድ እያስጠረጉ፣ እርሳቸውም ከሠራዊታቸው ጋር ድንጋይ እያነሡ ነው። አውቶሞቢል በአጼ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ከተማይቱን ረገጠ፤ ከ10 ዓመት ያህል በኋላ የጅቡቲ ባቡር ለገሃር ሲደርስ የመኪና ዕቃ ማስመጣት ቀለለ።

የሙያው ቋንቋ የተቀረጸው ግን በአመዛኙ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። ወራሪው ለጦሩ ባመጣው ካሚዮን ሥር የሠሩ ረዳቶችና መካኒኮች ስሞቹን በአማርኛ አፍ አሽተው የራሳቸው አደረጓቸው፤ ጋቢና፣ ካሶኒ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ባሌስትራ (በቅጠል በቅጠል የተደራረበው የብረት ሞላ)፣ ቸርኬ (ጎማው የሚገባበት ብረት)፣ ኩሽኔታ (ጎማው በዘንጉ ላይ የሚሽከረከርበት ክፍል)፣ ፍሬቻ፣ ክሪክ፣ ጎሚስታ፣ ሊብሬና ቦሎ ሁሉ መነሻቸው ጣሊያንኛ ነው። ጣሊያኑ አገሩ ሲገባ ሙያው እዚህ ቀርቷል፤ ዛሬ አንድ የሶማሌ ተራ ነጋዴ የባሌስትራውን ቅጠል በጣቱ ለክቶ የየትኛው ዓመት ሥሪት መኪና እንደሆነ የሚናገረው ከዚያ ጊዜ አንሥቶ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ በመጣ እውቀት ነው። በደርግ ዘመን ነዳጅ በኩፖን ይታደል ስለነበር ለመዝናኛ ብሎ መኪና ይዞ መውጣት ቀላል አልነበረም። መኪና ለመዝናኛ ሲወጣ ሞተርና ማደሪያ አብሮ የመያዝን ልማድ አንዳንዶች ከኤምባሲና ከእርዳታ ድርጅት ሠራተኞች እንደመጣ ይናገራሉ፤ ሌሎች ደግሞ በየወረዳው በሞተር ሲዘዋወሩ የኖሩ የእርሻና የጤና ባለሙያዎች አስቀድመው ያውቁት ነበር ይላሉ።

መኪናውና አቅሙ

በዚህ ሥራ ላይ በብዛት የሚታዩት ቶዮታ ሃይሉክስና አይሱዙ ዲማክስ ናቸው። ሃይሉክስ ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ የቀረበው በ1968 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በአሁኑ የደብል ጋቢና ቅርጹ 1 ቶን ያህል ይሸከማል፤ ፍሬን የሌለው ተሳቢ ከሆነ ደግሞ የተፈቀደለት 750 ኪሎ ግራም ነው። ፍሬን ላለው ተሳቢ የተፈቀደው ከ3 ቶን በላይ ስለሆነ ብዙ ባለመኪኖች ይህን ቁጥር ብቻ ይዘው ይኩራራሉ፤ ይሁንና መኪናውን በመጀመሪያ የሚፈትነው የራሱ ሞተር ጉልበት ሳይሆን የኋላ ዘንጉ ሸክም ነው።

ይህን በሒሳብ ማየት ይቻላል። የሃይሉክስ የፊትና የኋላ ዘንግ ርቀት 3.085 ሜትር ነው፤ የመጎተቻው ኳስ (የተሳቢው አንገት የሚገጠምበት ክብ ብረት) ደግሞ ከኋላ ዘንጉ 1.2 ሜትር ያህል ወደ ኋላ ወጥቶ ይገኛል። የተሳቢው አንገት በኳሱ ላይ 80 ኪሎ ቢጫን፣ ኳሱ እንደ ማንሻ ስለሚሠራ የኋላው ዘንግ የሚሸከመው ከ110 ኪሎ በላይ ይሆናል፤ ከፊት ጎማዎች ላይ ደግሞ 30 ኪሎ ያህል ይነሣል። በዚህ ላይ ሁለት ሞተር፣ አራት ሰውና ስንቅ ሲታከል መሪው ይቀላል፣ የፊት መብራቱም ወደ ሰማይ ያያል። የጌጃ ሰፈር ባለሙያዎች መፍትሔ ባሌስትራ ላይ አንድ ቅጠል መጨመር ነው፤ ይህ መኪናው ወደ ኋላ እንዳይቀመጥ ይረዳል፣ ፋብሪካው የወሰነውን የክብደት ጣሪያ ግን ከፍ አያደርግም።

ሞተሩን መጫን

የደብል ጋቢና ካሶኒ ርዝመቱም ስፋቱም 1.55 ሜትር አካባቢ ነው፤ 250 ሲሲ የሆነ የጥርጊያ መንገድ ሞተር ግን ከ2.1 ሜትር በላይ ይረዝማል። ስለዚህ ሁለት ሞተር ሲጫን የኋላ መዝጊያው ተከፍቶ የኋላ ጎማዎቹ በእርሱ ላይ ያርፋሉ፤ ሞተሩ አንድ ከሆነ ግን ካሶኒው በሰያፍ ሲለካ 2.2 ሜትር ስለሚጠጋ፣ ከጥግ እስከ ጥግ አጋድሞ መዝጊያውን መግጠም የሚቻልበት ጊዜ አለ። መዝጊያውን ከፍቶ መሄድ ጉዳት አለው የለውም በሚለው ላይ ባለሙያዎች አይስማሙም። መዝጊያውን የያዙት ሁለቱ ገመዶች ያልበሰበሱ ከሆኑ ሸክሙን እንደሚችሉ የብዙዎቹ አስተያየት ነው።

አጫጫኑ ራሱ መልካም ሥራ ነው። ሰፊ ጣውላ ከመሬት እስከ ካሶኒው ይዘረጋል፤ የመኪናው የኋላ ጎማ ዝቅ ባለ የመንገድ ዳር ላይ ከቆመ ዳገቱ ይቀንሳል። አንዱ ሰው ከሞተሩ ግራ ቆሞ የፊት ፍሬኑን በጣቱ እየጠበቀ ይገፋል፤ ሌላው ከኋላ ኮርቻውን ያነሣል። የፊት ጎማው የጋቢናውን ግድግዳ ከነካ በኋላ ሁለት የማሰሪያ ቀበቶዎች ከመሪው ግራና ቀኝ ወደ ካሶኒው ማዕዘኖች በሰያፍ ይወርዳሉ፤ መሪው እንዳይፋቅ ማንጠልጠያው ሥር አሮጌ ጨርቅ ይጠመጠማል። ቀበቶዎቹ ተራ በተራ እየተሳቡ የፊት ሞላው እስከ ግማሽ ዝቅ ይላል። ከዚያ በላይ ማጥበቅ የሞላውን ዘይት መያዣ ይጎዳል፤ ከዚያ በታች ከላላ ደግሞ መንገዱ ሲያነጥር ማንጠልጠያው ይወልቃል። ጎማውና ጭቃ መከላከያው መካከል አንድ የእንጨት ቁራጭ የሚሰኩ ጠንቃቆች አሉ፤ ሊመሰገኑ ይገባል። የቤንዚን መዝጊያው መዘጋቱ ሳይታይ ማንም መንቀሳቀስ የለበትም።

ተሳቢው

ተሠርቶ የመጣ የማደሪያ ተሳቢ በከተማው ጥቂት ነው። ቱቦላሬና ላሜራ ገዝቶ፣ ከአሮጌ መኪና ዘንግ አውጥቶ፣ ላዩን ከሸራ ተራ በመጣ ሸራ ሸፍኖ የሚሠራው ግን የአገራችንን መንገድ በማወቅ የተሠራ ስለሆነ ከውጭው ይሻላል፤ ሲሰበርም የትም ቦታ ይበየዳል። ከተሳቢው እስከ ኳሱ የሚዘረጋውን ብረት እንደ ማረሻው ሞፈር ልንቆጥረው እንችላለን፤ ሞፈሩ ካጠረ ተሳቢው ይቅበጠበጣል፣ ከረዘመ በጠባብ መታጠፊያ ያስቸግራል።

ዋናው ነገር በሞፈሩ ጫፍ የሚያርፈው ክብደት ነው። ከተሳቢው ጠቅላላ ክብደት 10 በመቶ ያህል ሊሆን ይገባል፤ በጣም ካነሰ ተሳቢው በፍጥነት ላይ እንደ ውሻ ጅራት ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ በጌጃ ሰፈር አንድ የብየዳ ቤት ያየው የአመዛዘን ዘዴ ይኸው ነው፦ ባለሙያው በመንገድ ዳር የሰው ክብደት ከሚመዝን ልጅ ሚዛኑን በትንሽ ብር ተከራየ፤ በኳሱ ከፍታ ልክ የተቆረጠ ቱቦላሬ በሚዛኑ ላይ አቁሞ ሞፈሩን በላዩ አሳረፈ። መርፌው 40 ላይ ቆመ። ባለሙያው ምንም ሳይናገር የውኃ ጀሪካኑን ከተሳቢው ጀርባ አንሥቶ ከዘንጉ ፊት አስቀመጠ፤ መርፌው ወደ 70 ወጣ። ባዶ እጁን ሆኖ የደረሰበት ውጤት ማንም የፋብሪካ መሐንዲስ የሚቀበለው ነው።

መወዛወዝ ከጀመረ ፍሬን አይረገጥም፣ መሪም አይታገልም፤ እግርን ከነዳጅ ላይ አንሥቶ መኪናው በራሱ ዝግ እንዲል መተው ነው። ከሞፈሩ ሥር ተመሳቅለው የሚታሰሩ ሁለት ሰንሰለቶች ኳሱ ቢለቅ እንኳ ሞፈሩ አስፋልት እንዳይወጋ ይይዙታል።

መንገድና ከፍታ

መሃል አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ አየሩ ከባሕር ወለል አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ተርቦ ያለው ናፍጣ መኪና ብዙ አይሰማውም፤ ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ክፍል) ያለው ሞተር ግን ይሰማዋል። ለአዲስ አበባ አየር ተብሎ ቤንዚኑ የተቀነሰለት ሞተር 1,585 ሜትር ላይ በሚገኘው ላንጋኖ ሲነሣ አየር ይበዛበትና ይግላል፤ ስለዚህ ነጂዎቹ ቅዳሜ ከሰዓት ሐይቁ ዳር ካርቡሬተር ፈተው ሲያስተካክሉ ይታያሉ። ለመኪናው ከባዱ እሑድ ነው፤ መመለሻው በጠቅላላው ከ750 ሜትር በላይ ዳገት አለው።

በቁልቁለት ላይ፣ ከፒያሳ ወደ ለገሃር በሚወርደው ቸርችልም ይሁን ከጎሐ ጽዮን በኋላ ባለው የዓባይ በረሃ፣ ደንቡ አንድ ነው፦ ወደ ላይ በሚወጣበት ማርሽ መውረድ። ፍሬን ላይ የተኛ ሹፌር የፍሬን ሸራውን ያቃጥላል።

ሞተሩ ለምን ከከተማ ውጭ በካሶኒ እንደሚወሰድ ሲጠየቅ ብዙዎች የሚያነሡት የከተማው አስተዳደር ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ በሞተር ሳይክሎች ላይ የጣለውን ገደብ ነው፤ ኋላ ላይ ተመዝግበው ፈቃድ ያገኙ ሥራቸውን ቀጥለዋል። ለተሳቢውም የራሱ ሰሌዳ ያስፈልጋል፤ ስቶፕና ፍሬቻው ከመኪናው ጋር አብረው መብራታቸው ከመነሣት በፊት ይፈተሻል።

ከመስቀል አደባባይ ተነሥቶ ቱሉ ዲምቱ፣ የአዳማው የፍጥነት መንገድ መነሻ ጋ ሲደረስ ልምድ ያላቸው ሰዎች ዳር ይይዛሉ። ቀበቶዎቹን አንድ ጊዜ ያጠብቃሉ፤ ከዚያም መዳፋቸውን በተሳቢው ቸርኬ መሃል ያሳርፋሉ። ሞቅ ያለ ከሆነ ጉዞው ይቀጥላል፤ እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ ግን ኩሽኔታው ግሪስ ጨርሷል፣ ተሳቢውም ከዚያው ይመለሳል።