ኢንጂነሪንግ በፍሬሽማን በር፦ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የመሸጋገሪያ ዓመት

በኢትዮጵያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ኢንጂነሪንግ የሚማር ሰው የመጀመሪያውን ዓመት የሚያሳልፈው ያለ ዲፓርትመንት ነው። ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ እንግሊዝኛና ሌሎች የወል ኮርሶችን ከሌሎች የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች ጋር ይወስዳል፤ ከዚያ ወደ ኢንጂነሪንግ ዘርፍ ይለያል። ሲቪል ይሁን ሜካኒካል፣ ኤሌክትሪካል ይሁን ሶፍትዌር የሚለው የሚታወቀው በመጨረሻ፣ ባመጣው ውጤት ነው። ይህ ዓመት ፍሬሽማን ይባላል፤ ተማሪውም በግቢ ቋንቋ «ፍሬሽ» ነው። ኢንጂነሪንግ ከሚፈጀው አምስት ዓመት አንዱ ይኸው ነው።

ፍሬሽማን ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ለአሥርት ዓመታት ሲሠራበት ቆይቶ የተሰረዘ፣ ከ16 ዓመት በኋላም ተመልሶ የመጣ ነው። የተሰረዘበትንና የተመለሰበትን ምክንያት ያላወቀ ሰው ዛሬ አንድ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ግቢ ሲገባ ለምን እንደዚያ ግራ እንደሚገባው አይረዳም።

አሮጌው ፍሬሽማን

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሥራ የጀመረው በ1943 ዓ.ም ነው። የኢንጂነሪንግ ኮሌጅ የተከፈተው ደግሞ ከሁለት ዓመት በኋላ ነበር። በስዊድን ድጋፍ የተቋቋመው የሕንፃ ኮሌጅም ብዙ ሳይቆይ ተከተለ። በ1954 ዓ.ም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲመሠረት በየፊናቸው የቆሙት ኮሌጆች በአንድ አስተዳደር ሥር ተሰበሰቡ። በቀጣዮቹ ዓመታት የአንድ ኢንጂነር መንገድ በከተማዋ ካርታ ላይ በጣት የሚከተሉት ዓይነት ሆነ። አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ማትሪክ ያለፈ ልጅ አራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ ገብቶ ፍሬሽማን ይማራል። ያለፈው ለኢንጂነሪንግ ትምህርቱ አምስት ኪሎ ይወጣል። አርክቴክቸርን ወይም የሕንፃ ሙያን የመረጠው ልደታ ይወርዳል።

ያ ፍሬሽማን ምሕረት የለሽ ነበር። ከየክፍለ ሀገሩ አንደኛ እየወጡ የመጡ ልጆች በአንድ አዳራሽ ሲገናኙ ሁሉም አንደኛ መሆን እንደማይችል የሚረዱት በመጀመሪያው የካልኩለስ ፈተና ነው። በመንፈቀ ዓመቱ መጨረሻ ሻንጣውን ይዞ ወደ ቤቱ የሚመለሰው ብዙ ነበር። ያም ሆኖ ዓመቱ አንድ ጥሩ ነገር ነበረው፤ የሚያስተምሩት የዩኒቨርሲቲው መምህራን ነበሩ። ላቦራቶሪውም የዩኒቨርሲቲው ነበር። ወደ ምህንድስና የሚሻገር ተማሪ ሒሳብና ፊዚክስ ምን ያህል እንደሚያስፈልገው የሚያውቅ ሰው ፊቱ ቆሞ ነው ያስተማረው።

በ1986 ዓ.ም የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ይህን አሠራር ለወጠው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት አሥረኛ ክፍል ላይ እንዲቆም፣ አሥራ አንደኛና አሥራ ሁለተኛ ደግሞ ለዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጅ መሰናዶ እንዲሆኑ ተደረገ። የፍሬሽማን ትምህርት ወደ መሰናዶ ወረደ ተባለ። የመጀመሪያዎቹ የመሰናዶ ምሩቃን በ1996 ዓ.ም ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ ፍሬሽማን ቀረ፤ የብዙ ዲግሪዎች ጊዜ ወደ ሦስት ዓመት፣ ኢንጂነሪንግም ወደ አራት ዓመት አጠረ። የወጪ መጋራት የተጀመረውም በዚያው ዓመት ነው፤ ተማሪው የትምህርቱን ወጪ ከፊል ከተመረቀ በኋላ ለመክፈል ውል የሚፈርምበት አሠራር።

ሐሳቡ በወረቀት ላይ ሲታይ ጥፋት አልነበረበትም። ሁለት ሙሉ ዓመት ከአንድ ዓመት ይበልጣል። ችግሩ ትምህርቱ ሲወርድ መምህሩና ላቦራቶሪው አብረውት አለመውረዳቸው ነው። በርካታ መሰናዶ ትምህርት ቤቶች የፊዚክስ ላብ ክፍል ቢኖራቸውም ዕቃው በካርቶን እንደታሸገ ነበር፤ ወይም ጭራሽ አልነበረም። የመምህር እጥረቱን ለመሙላት ከ1990ዎቹ ማብቂያ አንስቶ በፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርት መተላለፍ ጀመረ። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተቀረጸ ትምህርት በሳተላይት እየመጣ በየክፍሉ ይታይ ነበር። በዚያ ዘመን የተማረ ሰው ያስታውሰዋል፦ መምህሩ በስክሪኑ ላይ ጥያቄውን ያቀርባል፣ ጥቂት ሰከንድ ይሰጣል፣ መልሱን ይናገራል፣ ያልፋል። ያልገባው ልጅ እጁን ቢያወጣ የሚያየው የለም። መብራት ከጠፋ ደግሞ የዚያ ቀን ትምህርት አለፈ ማለት ነው።

በዚያው ላይ ዩኒቨርሲቲዎች በፍጥነት በዙ። ከ2000 ዓ.ም በኋላ ደግሞ ከሚገቡት ተማሪዎች 70 በመቶው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ከጠቅላላውም 40 በመቶ ያህሉ ወደ ኢንጂነሪንግና ቴክኖሎጂ እንዲመደቡ ተወሰነ። ኢንጂነሪንግ የጥቂቶች ምርጫ መሆኑ ቀርቶ የብዙኃን ምደባ ሆነ። አገር ያለ መሐንዲስ አትገነባምና ውሳኔው ከቀና ሐሳብ የመጣ ነበር። ግን ዴሪቬቲቭን በቅጡ ሳያውቅ የገባውን ልጅ የሚያቆምበትና የሚደግፍበት ዓመት በሥርዓቱ ውስጥ አልነበረም። ዩኒቨርሲቲዎች ይህን ስላዩ ኢንጂነሪንግን መልሰው ወደ አምስት ዓመት አራዘሙት፤ ለኢንደስትሪ ልምምድ የሚሆን መንፈቅም ጨመሩበት። መጀመሪያውን ደግሞ «ፕሪ-ኢንጂነሪንግ» ብለው ለሁሉም የጋራ አደረጉት። በስም ባይጠራም ፍሬሽማን በጓሮ በር መመለስ የጀመረው ያኔ ነው።

የተመለሰው ፍሬሽማን

በይፋ የተመለሰው በ2012 ዓ.ም ነው። ከዚያ በፊት ትምህርት ሚኒስቴር ባስጠናው የትምህርት ልማት ፍኖተ ካርታ ላይ በመላ አገሪቱ ውይይት ተደርጎ ነበር። ፍኖተ ካርታው ከለወጣቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው። ሦስት ዓመት የነበሩት ዲግሪዎች አራት ዓመት ሆኑ፤ ኢንጂነሪንግ ግን አምስቱን እንደያዘ አንደኛው ዓመት ለፍሬሽማን ተሰጠ። ልብ ይበሉ፤ ለሌላው ተማሪ አንድ ዓመት ሲጨመርለት፣ ለኢንጂነሪንግ ተማሪ ግን የሙያ ትምህርቱ ጊዜ ነው የጠበበው። የመጀመሪያው ባች በራሱ ያልታደለ ነበር። ዓመቱን ሳይጨርስ በመጋቢት 2012 ዓ.ም ኮሮና መጣና ግቢዎች ተዘጉ፤ ተማሪዎች ወደየቤታቸው ተላኩ።

በመጀመሪያው መንፈቅ ተማሪው የሚይዘው ብዙ ነው። የተፈጥሮ ሳይንስ ሒሳብ ከሎጂክና ከስብስብ ይነሣና በእውነተኛና በኮምፕሌክስ ቁጥሮች፣ በፈንክሽኖች፣ በአናሊቲክ ጂኦሜትሪ ያልፋል። ጄኔራል ፊዚክስ ከቬክተርና ከእንቅስቃሴ ሕጎች ተነሥቶ ፈሳሾችን፣ ሙቀትን፣ ሞገድን እያዳረሰ እስከ ኤሌክትሮማግኔቲዝም ይዘልቃል። ከእነዚህ ጎን እንግሊዝኛ፣ ክሪቲካል ቲንኪንግ፣ ሳይኮሎጂ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ፣ ስፖርትም ጭምር አለ። ቀጥሎም እንደየግቢው አሰላለፍ የኢትዮጵያና የቀንዱ ታሪክ፣ አንትሮፖሎጂ፣ ሥነ ዜጋ፣ ሥራ ፈጠራና «ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂ» የሚባለው ኮርስ ይመጣሉ።

በሁለተኛው መንፈቅ ኢንጂነሪንግን የመረጠው ይለያል። መለያዎቹ በዋናነት ሁለት ናቸው፤ አፕላይድ ማቲማቲክስ አንድ እና የኮምፒውተር ፕሮግራሚንግ መግቢያ። አፕላይድ አንድ ቬክተርን፣ ማትሪክስን፣ ሊሚትን፣ ዴሪቬቲቭንና ኢንቴግራልን በአንድ መንፈቅ ይጨርሳል። ፕሮግራሚንጉ በብዙ ግቢዎች በሲ ፕላስ ፕላስ ነው የሚሰጠው። ኮምፒውተር ነክቶ የማያውቅ ልጅ «ሉፕ» ምን እንደሆነ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በኖራ ተጽፎለት የሚማርበት ግቢ ዛሬም አለ።

እዚህ ላይ የራሴን አስተያየት ሳልሸሽግ ልናገር። የወል ኮርሶቹን አልጠላም። አንድ መሐንዲስ የአገሩን ታሪክና ጂኦግራፊ ቢያውቅ መንገድና ግድብ ሲሠራ ይጠቅመዋል። የሚያሳስበኝ የሰዓቱ አደላደል ነው። የመጀመሪያው መንፈቅ ሒሳብ አብዛኛው አሥራ አንደኛ ክፍል ላይ የታየ ነው። በሚገባ የተማረው ልጅ ይሰለቸዋል፤ ያልተማረው ደግሞ ከብዙ ኮርሶች ጋር እየተሻማ ስለሆነ ክፍተቱን ለመሙላት ጊዜ አያገኝም። በፊት በፕሪ-ኢንጂነሪንግ ጊዜ ይሰጡ የነበሩት ኢንጂነሪንግ ድሮዊንግ፣ ስታቲክስና ወርክሾፕ አሁን በአብዛኛው ሁለተኛ ዓመት ላይ ነው የሚገኙት። ስለዚህ ተማሪው ዲፓርትመንት የሚመርጠው ቲ-ስኩዌር የሚባለውን የንድፍ ማስመሪያ በእጁ ሳይጨብጥ፣ አንድ ብረት ሳይሞርድ፣ አንድ ኃይል በአንድ ምሰሶ ላይ ምን እንደሚያደርግ ሳያሰላ ነው። ድሮዊንግ የሚፈልገው እውቀትን ብቻ አይደለም፤ አንድን ዕቃ ከፊት፣ ከላይ፣ ከጎን በሐሳብ አዟዙሮ የማየት ልምድን ይፈልጋል። ይህ ደግሞ እንደ እንጀራ አጋገር እጅ እስኪለምደው የሚደጋገም ነገር ነው። ዓመቱ የመሸጋገሪያ ከሆነ ተማሪው ሊሻገርበት ያለውን ሙያ በእጁ ነክቶ ማየት አለበት ብዬ አምናለሁ።

ሌላው ፈተና ቋንቋ ነው። አንደኛ ደረጃን በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ ወይም በሌላ የአፍ መፍቻ ቋንቋው የተማረ ልጅ ሁለተኛ ደረጃን በእንግሊዝኛ መጽሐፍ፣ ግን በአገር ቋንቋ ማብራሪያ ይጨርሳል። ግቢ ሲደርስ ከሌላ ክልል የመጣ መምህርና ከየአቅጣጫው የተሰበሰቡ ተማሪዎች ስለሆኑ የማብራሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ ብቻ ሊሆን ይችላል። ፊዚክሱን እያወቀ የጥያቄውን ዐረፍተ ነገር ባለመረዳት ነጥብ የሚጥል ተማሪ ብዙ ነው።

ለዚህ ሁሉ መድኃኒቱን ተማሪዎች ራሳቸው አበጅተዋል። ሲኒየሮች ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችንና ወርክሺቶችን ለፍሬሾች ያወርሳሉ፤ ዛሬ አብዛኛው በቴሌግራም ነው የሚዞረው። በየዶርሙ አንድ «ቀለሜ» ይገኛል፤ ማታ ማታ ሌሎቹን ሰብስቦ ኢንቴግራል ያስረዳል። የግቢ ጉባኤያትና ሌሎች የተማሪ ኅብረቶችም ለጀማሪዎች የማጠናከሪያ ትምህርት ያዘጋጃሉ። ብዙ ዛሬ ስመ ጥር የሆኑ መሐንዲሶች አፕላይድ አንድን ያለፉት በመምህራቸው ሳይሆን በጓደኛቸው ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ዲፓርትመንት

ዓመቱን ሙሉ በተማሪው ራስ ላይ የሚያንዣብበው ፕሌስመንት፣ ማለትም የዲፓርትመንት ምደባ ነው። እንደየዩኒቨርሲቲው ደንብ የፍሬሽማን ጂፒኤ (አማካይ ውጤት)፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት፣ አንዳንድ ቦታም ተጨማሪ ፈተና ተደምሮ ተማሪዎች በተራ ይመረጣሉ። ለሴቶች፣ ለአካል ጉዳተኞችና ትምህርት በቅጡ ካልተዳረሰባቸው አካባቢዎች ለመጡ ተማሪዎች ድጋፍ የሚሰጥበት አሠራር አለ። ሶፍትዌርና ኤሌክትሪካል ቶሎ ይሞላሉ፤ ሲቪል ለረጅም ዘመን የወላጆች ሁሉ ምኞት ሆኖ ቆይቷል። ዝቅተኛ ውጤት ያመጣው የተረፈውን ይወስዳል። ጂፒኤው ከ2.00 በታች የሆነ ደግሞ እንደ ውጤቱ ማስጠንቀቂያ ይደርሰዋል ወይም ይሰናበታል።

ወደ ኢንጂነሪንግ የሚወስዱት በሮች ሁሉ በአንድ ቁልፍ አይከፈቱም። የአዲስ አበባና የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸውን በራሳቸው መግቢያ ፈተና ይለያሉ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ራሱን ችሎ እንዲተዳደር ከተወሰነ ወዲህ የራሱን ፈተና ይሰጣል። ባሕር ዳር፣ ጅማ፣ መቐለ፣ አርባ ምንጭ፣ ሐዋሳና ሌሎቹ ግን በሚኒስቴሩ ምደባ የመጣላቸውን ተማሪ ነው የሚቀበሉት።

ከፍሬሽማን በፊት ያለው ዓመት

የ2014 ዓ.ም የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ኩረጃን ለማስቆም ሲባል ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ ተሰጠ። ውጤቱ ሲወጣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም 5.4 በመቶ ሆነ። አገር ደነገጠ። ብዙ ዓመት ከፕሌስመንትና ከጂፒኤ ጀርባ ተሸፍኖ የነበረው ክፍተት በአንድ ጊዜ ገሃድ ወጣ።

በዚያን ጊዜ ባዶ ሊቀሩ የነበሩ ክፍሎችን የሞላው የሬሜዲያል ፕሮግራም ነው። ማለፊያውን ባያገኝም የተሻለ ውጤት ያለው ተማሪ ግቢ ገብቶ ለጥቂት ወራት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቶችን ይከልሳል፤ የተፈጥሮ ሳይንሱ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂና እንግሊዝኛ ይማራል። መጨረሻ ላይ ይፈተናል፤ 50 በመቶ ካመጣ ፍሬሽማን ይሆናል፣ ካላመጣ ይሰናበታል። በዚህ መንገድ ኢንጂነሪንግ ለሚገባ ልጅ ትምህርቱ በተግባር ስድስት ዓመት ሊደርስ ይችላል። ሬሜዲያልን እንደ ውርደት የሚያዩ ቤተሰቦች አሉ፤ እኔ አልስማማም። በሬሜዲያል ያለፈ ተማሪ ሒሳብና ፊዚክስን ያለ ሌላ ሸክም ለወራት ብቻውን ይዞ የመማር ዕድል አግኝቷል። ያንን ዕድል በቀጥታ የገባው ፍሬሽማን አላገኘውም።

ውጭ አገር ላሉ ቤተሰቦችም ነገሩ እንግዳ አይደለም። የኢትዮጵያን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ይዞ ጀርመን ኢንጂነሪንግ መማር የሚፈልግ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ «ሽቱዲየንኮሌግ» ይገባል፤ የቴክኒክ ተማሪዎች ክፍል «ቴ-ኩርስ» ይባላል። ሁለት መንፈቅ በጀርመንኛ ሒሳብና ፊዚክስ ተምሮ የማጠቃለያ ፈተና ካለፈ በኋላ ነው ዩኒቨርሲቲ የሚያመለክተው። በእስራኤል ያሉ ቤተ እስራኤላውያን ወጣቶችም ወደ ሃይፋው ቴክኒዮንና ወደ ሌሎች ተቋማት ከመግባታቸው በፊት «መኺና» የሚባለውን የዝግጅት ዓመት የሚያልፉበት መንገድ አለ። በሁለቱም አገር የዝግጅቱ ዓመት በጥቂት ትምህርቶች ላይ ያተኩራል፤ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ቋንቋ። የእኛን ፍሬሽማን የሚከልሱ ሰዎች ይህን ቢያጤኑት እመኛለሁ።

ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ ደግሞ በትምህርቱ ማብቂያ ላይ የመውጫ ፈተና አለ። አምስተኛ ዓመት የደረሰው የኢንጂነሪንግ ተማሪ ዲግሪውን ለመያዝ በሙያው አገር አቀፍ ፈተና ተፈትኖ 50 በመቶ ማምጣት ይኖርበታል። ለዚህ ፈተና ሲዘጋጁ አብዛኞቹ የሚያገላብጡት የሁለተኛና የሦስተኛ ዓመት ማስታወሻቸውን ነው፤ የስትራክቸርና የሰርኪዩት ስሌቱን ሲሠሩ ግን የሚጠቀሙበት በፍሬሽማን የተማሩትን ማትሪክስና ኢንቴግራል ነው።