ዋየርለስ ኮሙኒኬሽን በማስተርስ ደረጃ፦ ኮርሱ ውስጥ ምን አለ?

ስልክ እያወራን ድምፁ ሲቆራረጥ ሁላችንም ያው ነን። ወደ መስኮት ጠጋ እንላለን፣ ወይ ተነስተን ሁለት እርምጃ እንራመዳለን። የሚገርመው ብዙ ጊዜ ይሠራል። ለምን እንደሚሠራ በሒሳብ የሚያስረዳው ዋየርለስ ኮሙኒኬሽን የሚባለው ኮርስ ነው፤ የኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ተማሪዎች በአብዛኛው ማስተርስ ላይ ሲደርሱ ያገኙታል።

ስሙ ከሚነሳው አንዱ የስታንፎርዱ ኢኢ 359 ነው። ለዓመታት ያስተማሩት አንድሪያ ጎልድስሚዝ ናቸው። የክፍል ማስታወሻቸው አድጎ እ.ኤ.አ. በ2005 መጽሐፍ ወጣው፣ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም ያስተምሩበታል። በ2020 ሴትዮዋ በኮሙኒኬሽን ዘርፍ ትልቅ የሚባለውን የማርኮኒን ሽልማት በማግኘት የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ፣ በዚያው ዓመት ወደ ፕሪንስተን ሄደው እስከ 2025 የኢንጂነሪንግ ዲን ነበሩ።

ኮርሱ የሚጀምረው ከቀላሉ ነው፦ ሲግናል በርቀት ይደክማል። ምንም መሰናክል በሌለበት ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ ወደ ሩብ ይወርዳል። ከተማ ውስጥ ግን ከዚህም ይብሳል፣ ስንት እንደሚብስ ደግሞ ወጥቶ መለካት እንጂ ቁጭ ብሎ ማስላት አያዋጣም። ጃፓናዊው ኦኩሙራ ቶኪዮና አካባቢዋን ለክቶ በ1968 ኩርባዎቹን አወጣ፣ ሃታ በ1980 ወደ ቀመር ቀየራቸው። ይሄ ቀመር እስከ ዛሬ ይሠራበታል፤ ቶኪዮ ላይ የተለካ መሆኑን ረስቶ ዳገትና ቁልቁለት በበዛበት ከተማ እንዳለ የሚገለብጠው ሰው ግን ታወሩ የት እንደሚተከል ተሳስቶ ቢያገኘው ሊገርመው አይገባም።

ዋናው ጣጣ ፌዲንግ፣ ማለትም የሲግናሉ ጥንካሬ ከቦታ ቦታ መዋዠቅ ነው። ከታወር የወጣ ሲግናል በአንድ መንገድ ብቻ አይመጣም። ከሕንፃ፣ ከቆርቆሮ ጣሪያ፣ ከሚያልፍ መኪና እየነጠረ በብዙ መንገድ ይደርሳል። አንዱ ሞገድ ሽቅብ ሲል ሌላው ቁልቁል ካለ ይጠፋፋሉ። የ900 ሜጋኸርዝ ሞገድ ርዝመቱ 33 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ ከጥሩ ቦታ ወደ መጥፎ ለመሻገር ደግሞ የዚህ ግማሽ እንኳ አይፈጅም። ስንዝር የማትሞላ ርቀት ናት። መስኮት ጋ የሄድነው ለዚህ ነው፤ አንዳንዴ እጅን ማንቀሳቀስ ብቻ ይበቃ ነበር።

ጉዳቱ በቁጥር ሲታይ ያስደነግጣል። በጣም ቀላል በሆነው ሞዱሌሽን (ዳታን ሞገድ ላይ የመጫኛ ዘዴ)፣ በቢፒኤስኬ፣ ከሺህ ቢት አንዱ ብቻ ይሳሳት ብንል ፌዲንግ በሌለበት የሲግናሉ ኃይል ከኖይዙ፣ ከሚረብሸው ጫጫታ፣ 5 እጥፍ ገደማ ቢሆን ይበቃል። ቀጥተኛው መንገድ ተጋርዶ ነጥሮ የመጣው ብቻ በሚደርስበት፣ ሬይሊ በሚባለው ፌዲንግ ግን በአማካይ 250 እጥፍ ይፈልጋል። አሁን መቀበያው ላይ ሁለተኛ አንቴና ጨምሩና የሁለቱን ሲግናል በአግባቡ አዋህዱ። ሁለቱ አንቴናዎች እኩል መጥፎ ቦታ ላይ የመውደቃቸው ዕድል ትንሽ ስለሆነ፣ በአንድ አንቴና የሚያስፈልገው ከ250 ወደ 14 ገደማ ይወርዳል። ዳይቨርሲቲ የሚሉት ይሄን ነው። ለእኔ የኮርሱ ምርጥ ሰዓት ይሄ ስሌት ሰሌዳ ላይ የሚወጣበት ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ደግሞ ጭንቅላት ያዞራል። ቻናሉ፣ ማለትም ሲግናሉ የሚያልፍበት መንገድ፣ ሲበላሽ ማስተላለፊያው ምን ያድርግ? ማናችንም ብንሆን «ኃይል ጨምር» ነው የምንለው። ጎልድስሚዝና ፕራቪን ቫራያ በ1997 ባሳተሙት ሥራ መልሱ የተገላቢጦሽ ነው፦ ቻናሉ ጥሩ ሲሆን ኃይል ጫን፣ በጣም ሲበላሽ ጭራሽ ዝም በል። ላለው ይጨመርለታል እንደሚባለው ነው ነገሩ። መጥፎውን ሰዓት ሁሉ በኃይል ልሸፍን ካሉ፣ በሬይሊ ፌዲንግ ውስጥ የሚያስፈልገው አማካይ ኃይል ማለቂያ የለውም። ስለዚህ በተወሰነ ኃይል የሚተርፈው ዳታ የማሳለፍ አቅም ዜሮ ይሆናል፤ ትንሽ ሳይሆን ዜሮ።

ስልካችን ጥሩ ቦታ ላይ ፈጥኖ መጥፎ ቦታ ላይ የሚንቀራፈፈውም ሞዱሌሽኑን እንደ ቻናሉ ስለሚቀያይር ነው።

የኮርሱ ሁለተኛ አጋማሽ በሁለት የመላኪያ ዘዴዎች፣ በኦኤፍዲኤምና (OFDM) በማይሞ (MIMO)፣ ይያዛል። 4ጂና ዋይፋይ በኦኤፍዲኤም ነው የሚሠሩት። ፈጣኑ ዳታ ብዙ ቀርፋፋ ጅረቶች ላይ ይከፋፈላል፣ በእያንዳንዱ ምልክት (በአንዴ የሚላክ የዳታ ቁራጭ) ፊት ደግሞ ትንሽ ክፍተት ይገባል። በተለመደው የ4ጂ አሠራር ክፍተቷ 4.7 ማይክሮ ሰከንድ ገደማ ናት። በዚያች ቅጽበት ሞገድ 1.4 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ ነጥሮ የመጣው ሲግናል ከቀጥተኛው በዚህን ያህል ዞሮ ቢደርስ እንኳ ቀጣዩን ምልክት አይረብሽም ማለት ነው። ማይሞ ላይ ደግሞ ያ ሁሉ መንጠር ጥቅም ይሆናል። በሁለቱም ጫፍ ብዙ አንቴና ካለ፣ የተለያዩት መንገዶች የተለያየ ዳታ በአንድ ጊዜና በአንድ ስፔክትረም (የፍሪኩዌንሲ ክልል) ይሸከማሉ።

ስታንፎርድ በኳርተር ስለሚያስተምር ይሄ ሁሉ አሥር ሳምንት ገደማ ውስጥ ነው የሚጨመቀው። እኛም ዘንድ 5 ኪሎ፣ የአዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በኮሙኒኬሽን ኢንጂነሪንግ ማስተርስ ያስተምራል። የትም ብትማሩ ተማሪ የሚወድቀው አንቴና ስላልገባው አይደለም፣ ፕሮባቢሊቲ ስለረሳ ነው። ሊኒየር አልጀብራ ማይሞ ላይ ያስፈልጋል፣ እሱን እስከዚያ ታደርሱታላችሁ። የፕሮባቢሊቲውን ደብተር ግን ከመመዝገባችሁ በፊት ፈልጋችሁ አውጡት።