በጣና ዳር የኤሌክትሪክ ስርጭትን በአካባቢ ማመንጫ ማቀድ

የአካባቢ ማመንጫ የሚባለው በስርጭት መስመሩ ላይ፣ ለተጠቃሚው ቀርቦ የሚተከል አነስተኛ የኃይል ምንጭ ነው። ሶላር፣ ባዮጋዝ ወይም አነስተኛ የውኃ ኃይል ሊሆን ይችላል። የት ይተከል? ምን ያህል ያመንጭ? ይህን አስቀድሞ ማስላት የስርጭት ዕቅድ ሥራ ነው።

ባሕር ዳር የትልልቅ ማመንጫዎች ጎረቤት ናት። 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘው ጢስ ዓባይ 1 እ.ኤ.አ. በ1964 በ11.4 ሜጋ ዋት ሥራ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2001 ጢስ ዓባይ 2 በ73 ሜጋ ዋት ተከተለው። እ.ኤ.አ. በ2010 የተመረቀው ጣና በለስ ደግሞ የሐይቁን ውኃ በዋሻ ወደ በለስ ወንዝ ወስዶ እስከ 460 ሜጋ ዋት ያመነጫል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ኃይል ደጅ ላይ እያለ በመስመሩ ጫፍ ያለው ሰው አምፖሉ ለምን ይፈዝበታል? ኃይሉ መጀመሪያ ወደ ብሔራዊው መረብ ነው የሚገባው። ከማከፋፈያ ጣቢያ በ33 ወይም በ15 ኪሎ ቮልት ይወጣል። የሰፈሩ ትራንስፎርመር ወደ 380 እና 220 ቮልት ያወርደዋል። ቮልቴጁ የሚደክመው በዚህ በመጨረሻው መንገድ ነው። አንድ የእንጀራ ምጣድ ብቻውን ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል። ጎረቤታሞች ባንድ ሰዓት ምጣድ ሲያሰሙ የጫፉ ቤት መብራት ይዳከማል፤ የወፍጮው ሞተርም ይግላል።

ማመንጫው ወደዚያ ጫፍ ሲጠጋ ከሩቅ የሚመጣው ከረንት፣ ማለትም በሽቦው የሚፈስሰው የኤሌክትሪክ መጠን፣ ይቀንሳል። ከረንቱ በግማሽ ቢቀንስ በሽቦው ላይ የሚባክነው ኃይል ወደ ሩብ ይወርዳል። ስለዚህ ከመጠኑ በፊት ቦታው ይቅደም እላለሁ። ከማከፋፈያ ጣቢያው አጠገብ የተተከለ ሶላር ለጫፉ ሰው እምብዛም አይደርስለትም። መጠኑም ልክ አለው። ከሰፈሩ ፍጆታ በላይ ከመነጨ ኃይሉ ወደ ኋላ ይፈስሳል፣ ቮልቴጁ ከልክ በላይ ይወጣል፣ ለአንድ አቅጣጫ ተብሎ የተገጠመው የመስመሩ መከላከያ መሣሪያም ይሳሳታል።

ሰዓቱም መግጠም አለበት። ሶላር የሚበረታው እኩለ ቀን ላይ ነው፤ ቤተሰብ መብራት በብዛት የሚፈልገው ሲመሽ። ባትሪ ደግሞ ውድ ነው። ከጣና በስተምሥራቅ ያለው የፎገራ ሜዳ ግን ሌላ ዕድል አለው። በበጋ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያጠጣ ገበሬ ፓምፑን የሚያስነሳው ቀን ነው። ክረምት ገብቶ ሰማዩ ሲደምን ዝናቡ ራሱ ያጠጣለታል። በነዳጅ የሚሠሩትን ፓምፖች ወደ ሶላር ማዞር፣ ትርፉን ለመስመሩ መስጠት፣ ለእኔ ከሁሉ ቀድሞ መታቀድ ያለበት ሥራ ነው።

በሐይቁ ደሴቶች ስሌቱ ይለወጣል። ሽቦ ውኃውን ማሻገርና ሶላር ከነባትሪው መትከል በዋጋ ይነጻጸራሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራምም 35 በመቶው ሕዝብ ከዋናው መስመር ውጭ እንዲዳረስ አቅዶ ነበር።

ከመስመር ጋር የሚያያዝ ማመንጫ ሁሉ አንድ ግዴታ አለበት፤ ዋናው መብራት ሲጠፋ ራሱን ከመስመሩ መቁረጥ አለበት። ካልቆረጠ፣ መስመሩ ጠፍቷል ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣውን ሠራተኛ ሊገድለው ይችላል።