ድቅል ዘር እና ልውጥ ዘር አንድ አይደሉም
ወልድያም ሆነ ቆቦ ገበያ፣ በከረጢት የታሸገ ዘር ሲታይ «ይህማ የተነካካ፣ ልውጥ ዘር ነው» ማለት ቀላል ሆኗል። ከረጢቱ ውስጥ ያለው ግን አብዛኛውን ጊዜ ድቅል በቆሎ ነው፤ ሁለት የበቆሎ ዝርያዎች ተዳቅለው የተገኘ። ከምርቱ ለከርሞ ዘር ቢያስቀሩ የሚቀጥለው ምርት የሚቀንሰው የወላጆቹ ባሕርይ በልጆቹ ስለሚበታተን እንጂ መርዝ ስላለበት አይደለም። ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታን በ2009 እ.ኤ.አ. ለዓለም የምግብ ሽልማት ያበቃው፣ አቀንጭራ የተባለውን ጥገኛ አረም የሚቋቋመው ማሽላም የማዳቀል ውጤት ነው። አቀንጭራ ሥሩን ይዞ ማሽላውን ሲመጠው ያየ የቆቦ ገበሬ የዚህን ዋጋ አያጣውም።

ልውጥ የሚባለው ከሌላ ፍጡር የተወሰደ ዘረመል በቤተ ሙከራ ሲገባበት ነው። አገራችን በ2010 ዓ.ም. የፈቀደችው ቢቲ ጥጥ የአፈር ባክቴሪያ ዘረመል አለው፤ ጥጡን የሚበላው ጓይ ትል በዚያው ይሞታል። የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001 ልዩ ፈቃድ የሚጠይቀው ለዚህኛው ነው፤ አዋጁ በ2007 ዓ.ም. ተሻሽሏል።

ሰዉ የሚጨቃጨቀው በጤናው ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ዘሩ በማን እጅ ይቀራል የሚለው ነው፤ ያልተለወጠው ድቅልም ቢሆን ገበሬውን በየዓመቱ ከሻጩ ደጅ ያቆመዋልና።