የጎጃም አሮጌ የወርቅ ሰዓቶች፦ ከየት መጡ? እንዴትስ ይለያሉ?

በጎጃም የቆየ ቤተሰብ ዘንድ የአያት ሳጥን ሲከፈት ከጠገራ ብርና ከመስቀል ጋር የወርቅ የኪስ ሰዓት የሚወጣበት ጊዜ አለ። አብዛኛው ተራ ሰዓት ነው። አልፎ አልፎ ግን ሌላ ዓይነት ይገኛል። አናቱን ሲጫኑት ረጅሙ ሰከንድ ቆጣሪ ይነሳል፤ ሲደግሙት ይቆማል፤ በሦስተኛው ወደ መነሻው ይመለሳል። ይሄ ብርቅ ነው።

ሰዓት የማይነግረው፣ ቆይታን ብቻ የሚለካው ንጹሕ ስቶፕዎች ብዙውን ጊዜ በኒኬል ወይም በብረት ነው የሚሠራው። የስፖርት ሜዳና የፋብሪካ ዕቃ ስለነበር ወርቅ የሚያባክንበት አልነበረም። በወርቅ የሚመጣው በአብዛኛው ክሮኖግራፍ ነው። እሱ ሰዓትም ይነግራል፣ ቆይታም ይለካል። በወርቅ የተሠራ ንጹሕ ስቶፕዎች ያገኘ ሰው እጁ ላይ ያለው ነገር ተራ አይደለም።

የመሣሪያው ታሪክ እንዲህ ነው (ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ያልተባለ ዓመት ሁሉ የፈረንጅ ነው)። ሉዊ ሞይኔ በ1816 ለሥነ ፈለክ ምልከታ የሚሆን ቆይታ መለኪያ ሠራ። ኒኮላ ሪውሴክ በ1821 በፓሪስ የፈረስ ውድድር ላይ ቀለም ጠብ እያደረገ ጊዜ የሚመዘግብ መሣሪያ ሞከረ። ቆጣሪውን ወደ ዜሮ የሚመልሰውን ዘዴ አዶልፍ ኒኮል በ1844 አስመዘገበ። የልብ ቅርጽ ያላት ትንሽ ብረት ናት፤ ቁልፉ ሲጫን መዶሻዋ ይመታታል፣ ቆጣሪውም ወደ ቦታው ይሄዳል። ሰዓቱ ተከፍቶ ይህች ልብ ከታየች ዘመኑ ከዚያ ወዲህ ነው።

ወደ ጎጃም የሚያመጡት መንገዶች ብዙ ናቸው። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከ1873 እስከ 1893 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ ላይ ነግሠዋል። ልጃቸው ራስ ኃይሉ በሀብታቸው የታወቁ ነበሩ። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን አውሮፓን ሲጎበኙ አብረው ከሄዱት መኳንንት አንዱ እሳቸው ናቸው። ጉዞው የሰዓት ሠሪዎችን ከተማ ጄኔቭን ጨምሯል። ከዚያ የጣልያን ጦር ደብረ ማርቆስ ላይ ሰፈረ። በ1933 ዓ.ም. ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ እንግሊዞች ከሚመሩት ከጌዴዎን ጦርና ከአርበኞች ጋር በጎጃም በኩል ገቡ። በእነዚያ ዓመታት በዚህ ምድር ያለፈው የመኮንን ብዛት ቀላል አይደለም፤ የመኮንን ኪስ ደግሞ ሰዓት አያጣም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ሰዓት ይሸልሙ ነበር። ዘውድ ወይም የስማቸው ፊደል ያለበት ሰዓት ከተገኘ መጠየቅ ያለበት ማን ተሸለመው የሚለው ነው።

ስለዚህ «የራስ ኃይሉ ነበር» የሚል የቤተሰብ ወሬ ሲሰማ ዝም ብሎ ማመንም፣ ስቆ መተውም አይገባም። ሰዓቱ ራሱ ይመሰክራል።

ፊቱን ማንበብ ይቅደም። የሰከንዱ መስመር ለስንት ተከፍሏል? አንዱ ሰከንድ ለ5 ከተከፈለ ማሽኑ በሰዓት 18,000 ጊዜ ይመታል ማለት ነው፤ የተለመደው ይሄ ነው። ለ10 ከተከፈለ ምቱ 36,000 ነው። ለ100 ከተከፈለ ግን እጅግ ልዩ ነው፤ በ1860 የተመሠረተው የስዊዝ ሰዓት ፋብሪካ ሆየር «ሚክሮግራፍ» የተባለውን የመቶኛ ሰከንድ መለኪያ ያወጣው በ1916 ነው። ጠርዙ ላይ ያለው ሌላ ቁጥርም ባለቤቱ ምን ዓይነት ሰው እንደነበር ፍንጭ ይሰጣል። የልብ ትርታ መቁጠሪያ ከሆነ ለሐኪም የተሠራ ነው። የኪሎ ሜትር ርቀት የሚያሳይ ከሆነ ለመድፈኛ ነው። የመድፉ ብልጭታ ሲታይ ይነሳል፣ ድምፁ ሲሰማ ይቆማል። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚሄድ 3 ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይሄ ለመብረቅም ይሠራል፤ በክረምት ጮቄ ላይ ሲያብለጨልጭ ደጅ ሆኖ መሞከር ይቻላል።

የወርቁ ነገር የሚታየው የኋላ ክዳኑ ውስጥ ነው። እዚያ ጥቃቅን ማህተሞች አሉ፤ ያለ አጉሊ መነጽር አይነበቡም። 0.750 ወይም 18 ካለ 18 ካራት ነው። 0.585 (በአሮጌዎቹ 0.583) 14 ካራት ነው፤ 0.375 ደግሞ 9 ካራት። ስዊዘርላንድ በ1880 ባወጣችው ሕግ ለ18 ካራት የሴት ራስ፣ ለ14 ካራት የሽኮኮ ምስል ይመታ ጀመር። የድብ ምስል ከታየ ግን ወርቅ አይደለም፤ የብር ማህተም ነው፣ ላዩ ወርቅ ቅብ ሊሆን ይችላል። የፈረንሳይ 18 ካራት ከ1838 ጀምሮ የንስር ራስ አለው። የእንግሊዙ ዘውድና 18 ቁጥር ነው። እነዚህ ማህተሞች ዘመንም ይቆርጣሉ። «ከአፄ ቴዎድሮስ ዘመን ጀምሮ በእጃችን ያለ» የተባለ ሰዓት የሴቲቱ ራስ ካለው ወሬው አይሆንም፤ ቴዎድሮስ በ1868 ዐርፈዋልና።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጽሑፉ ላይ ነው። ውስጠኛው ክዳን ላይ በፈረንሳይኛ የተቀረጸው ሁሉ የሠሪ ስም ይመስላል። «ሬሞንቷር» ማለት ያለ ቁልፍ፣ በአናቱ የሚሞላ ማለት ብቻ ነው። «አንክር» የማሽኑ ዓይነት ነው። «15 ሩቢ» ማሽኑ ውስጥ ያሉት ትንንሽ የሩቢ ድንጋዮች ቁጥር ነው። «ስፒራል ብሬጌ» የሚል ካለ ሰዓቱን ዝነኛው ሰዓት ሠሪ ብሬጌ ሠራው ማለት አይደለም፤ ሞላው በዚያ ቅርጽ ተጠምዝዟል ማለት ነው። «ሜዳይ ዶር» የሚለውን አይቶ ወርቅ ነው ብሎ የገዛ አለ፤ እሱ ፋብሪካው በኤግዚቢሽን ያገኘው የወርቅ ሜዳሊያ ነው። «ኩዊቭር» የሚል ከሆነ ያ ውስጠኛ ክዳን መዳብ ነው፤ የውጩ ወርቅ ቢሆንም እንኳ።

እውነተኛውን ሠሪ የሚነግረው ማሽኑ ላይ ያለው ምልክትና ተከታታይ ቁጥር ነው። ክንፍ ያለው የአሸዋ ሰዓት ከታየ ሠሪው የስዊዙ ፋብሪካ ሎንጂን ነው፤ በ1889 የተመዘገበ ምልክታቸው ነው። የቀፎው ቁጥርና የማሽኑ ቁጥር ተለያይቶ ቢገኝ አይደንግጥ፤ በብዙ ፋብሪካ ለየብቻ ነው የሚቆጠሩት። ሎንጂን የድሮ የእጅ መዝገቦቹን ስለጠበቀ በተከታታይ ቁጥሩ ተፈልጎ ሰዓቱ መቼ እንደተላከና ለየትኛው ወኪል እንደተሸጠ ማወቅ ይቻላል። መዝገቡ የሚያቆመው ወኪሉ ላይ ነው። ከዚያ እስከ ቢቸና ወይም እስከ ቡሬ ያለው መንገድ የሚገኘው ከሽማግሌዎች አፍ ነው። ማን አመጣው? በምን ዓመት? ለማን ወረሰ? ይሄ ሳይጻፍ ሰውየው ካለፈ የትም መዝገብ አይመልሰውም።

አንጥረኛ ዘንድ ወስዶ ማስመዘን የተለመደ ነው፤ ያሳዝነኛል። ሰዓቱ ተቀልጦ የሚሰጠው የወርቁን ዋጋ ብቻ ነው፤ ማሽኑ ብረትና ነሐስ ስለሆነ ተነቅሎ ይጣላል። ብርቅነቱ ግን ያለው ማሽኑ ላይ ነው። ማስወልወልም ጉዳት ነው። ማህተሙ ከተፋቀ ማስረጃው ጠፋ። ሰዓቱ ለዓመታት ቆሞ ከነበረ ሞልቶ ማስነሳት አይገባም፤ ዘይቱ ደርቋል፣ ጥርሶቹ እየተፋጩ ይበላሉ። መጀመሪያ ክሮኖግራፍ ፈትቶ የሚያውቅ ሰዓት ሠሪ ይፈለግ። ያ ሰው ሲከፍተው አጠገቡ ተቁሞ ማሽኑ፣ ማህተሙና ቁጥሩ በስልክ ፎቶ ይነሳ።