የእናቶች ማቆያ ምንድን ነው?

«ማቆያ» የሚለው ቃል ብዙም ደስ አይልም። በኮሮና ጊዜ «ለይቶ ማቆያ ይገባሉ» ሲባል ያልደነገጠ ማን ነበር? ሌላው የምናውቀው የሕጻናት ማቆያ ነው፤ እናት ሥራ ስትሄድ ልጇን የምትተውበት። የእናቶች ማቆያ ከሁለቱም ይለያል። እዚያ የሚቆዩት እናቶቹ ራሳቸው ናቸው፤ የሚጠብቁትም ምጥን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጤና ጣቢያ ወይም በሆስፒታል ግቢ ውስጥ አንድ ቤት ይሠራል። ቤቷ ሩቅ የሆነ ወይም ወሊዷ የሚያሰጋ ነፍሰ ጡር፣ ቀኗ ሊደርስ ሁለት ሦስት ሳምንት ሲቀረው መጥታ እዚያ ትቀመጣለች። አልታመመችም፤ ስለዚህ በሽተኛ አይደለችም። ታርፋለች፣ ከሌሎቹ ጋር ቡና ትጠጣለች፣ ትጫወታለች። አዋላጅ ነርሷ ብቅ እያለች የደም ግፊቷን ትለካለች፣ የጽንሱን የልብ ምት ታዳምጣለች። ምጥ ሲይዛት ማዋለጃ ክፍሉ እዚያው ግቢ ውስጥ ነው።

«አምቡላንስ ካለ ለምን ያስፈልጋል?» የሚል አይጠፋም። አምቡላንስ እኮ ደርሶ መልስ ነው የሚጓዘው። መጀመሪያ መምጣት አለበት፤ ከዚያ ይመለሳል። ክረምት ሲሆን ወንዙ ይሞላል፣ መንገዱ ይጨቀያል። መኪና እስከሚገባበት ድረስ ደግሞ በቃሬዛ ተሸክሞ ማውጣት አለ። የወሊድ ችግር ይህን ሁሉ አይጠብቅም። ከወሊድ በኋላ ብዙ ደም የሚፈስሳት ሴት ካልታከመች በአማካይ በ2 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ልትሞት ትችላለች። ማህፀን ከተቀደደ ያለው ጊዜ 1 ቀን ገደማ ነው። ልጁ አልወጣ ብሎ ምጡ ሲራዘም ደግሞ 3 ቀን ያህል። ሦስት ቀን ብዙ ይመስላል፤ ግን የመጀመሪያው ቀን «ማርያም ትፍታሽ» እየተባለ ቤት ውስጥ ያልፋል።

ወደ ማቆያ ሂጂ የሚባሉት እነማን ናቸው? ከዚህ በፊት በኦፕራሲዮን የወለደች፣ መንታ ያረገዘች፣ ጽንሱ በመቀመጫው የመጣባት፣ ቀድሞ ልጅ ሞቶ የተወለደባት፣ ብዙ ጊዜ የወለደች። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር መያዝ አለበት። ደም መፍሰስ ምንም ምልክት ባልነበራት፣ አራት ልጅ በሰላም በወለደች ሴት ላይም ድንገት ይመጣል። ስለዚህ እኔን ብትጠይቁኝ የቤቷ ርቀት ብቻውን በቂ ምክንያት ነው።

በእኛ አገር ስሙ ቀድሞ የሚነሳው በጉራጌ፣ ከወልቂጤ ብዙም የማይርቀው የአጣጥ ሆስፒታል ነው። የካቶሊክ ሲስተሮች የመሠረቱት ነው። ማቆያው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ነው፤ እናቶቹ ስንቃቸውን ይዘው፣ የሚያበስልላቸው ሰው አስከትለው ይመጡ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1987 እስከ 2008 ድረስ በሆስፒታሉ 24,148 እናቶች ወልደዋል፤ 6,805ቱ በማቆያው ቆይተው የወለዱ ናቸው። በማቆያው ካለፉት እናቶች መካከል የሞቱት ከ100,000 ውስጥ 90 ገደማ ሲሆኑ፣ በቀጥታ ከመጡት መካከል ግን ከ1,300 በላይ ነበሩ። ሞተው የተወለዱ ሕጻናትም ከ1,000 ውስጥ በማቆያው ካለፉት 18 ገደማ፣ በቀጥታ ከመጡት ደግሞ 191 ገደማ ነበሩ።

ልዩነቱ ያስደነግጣል። ቢሆንም ልዩነቱን ሁሉ ማቆያው ያመጣው ነው ማለት አይገባም። በቀጥታ ከመጡት ብዙዎቹ ቤት ውስጥ ሞክረው፣ ነገሩ ከተበላሸ በኋላ በሸክም የደረሱ ናቸው። እንግዲያው ቁጥሩ የማቆያውን ጥቅም ብቻ አይደለም የሚናገረው፤ ዘግይቶ መድረስ ምን እንደሚያስከፍልም ይናገራል።

ሐሳቡ የእኛ ብቻ አይደለም። ኩባ የመጀመሪያውን እንዲህ ያለ ቤት በካማጉዌይ የከፈተችው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2015 ለሩቅ አካባቢዎች መክሮታል።

ታዲያ ለምን አልጋዎቹ ባዶ ሆነው ይገኛሉ? የጤና ሰዎች «ሦስቱ መዘግየቶች» የሚሉት ነገር አለ። ከቤት ለመውጣት መወሰን ይዘገያል፣ መንገዱ ያዘገያል፣ ከደረሱ በኋላ ሕክምናው ይዘገያል። ማቆያ የሚፈታው በተለይ ሁለተኛውን ነው። የመጀመሪያው ግን ቤት ውስጥ ነው ያለው። ሦስት ሳምንት ከቤት ስትጠፋ ትንንሾቹን ማን ያበላል? ላሟን ማን ያልባል? ባልየው ምን ይላል? አማትየውስ «እኛ እዚሁ ወልደን የለ» ካለች? እዚያ ስትደርስስ ምን ትበላለች? በጅማ ዞን ገጠር በተደረገ አንድ ሙከራ ማቆያዎቹ ተሻሽለው፣ የአካባቢው መሪዎችም ሠልጥነው ነበር። በጤና ተቋም የሚወልዱት ቁጥር ላይ ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም። ቤቱን ማሳመር ብቻ አላስመጣቸውም ማለት ነው።

ብልሃት ያገኙም አሉ። አንዳንድ ጤና ጣቢያ ገንፎው እዚያው ይገነፋል፣ ቡናው እዚያው ይፈላል። ለከተማ ሰው ይህ ቀላል ነገር ሊመስለው ይችላል። ግን ገንፎ የሌለበት አራስ ቤት ምን አራስ ቤት ነው? እናትየው ቤቷ የምትወልደው ለሕክምና ግድ ስለሌላት ሳይሆን፣ ሰዎቿ እዚያ ስላሉና ወጉ እዚያ ስለሚደረግላት ሊሆን ይችላል። በአገራችን በጤና ተቋም የሚወለዱት እ.ኤ.አ. በ2011 ከ100 ሕጻናት 10 ገደማ ብቻ ነበሩ፤ በ2019 ወደ 48 ከፍ ብለዋል። የቀሩት ብዙ ናቸው።

ሦስተኛው መዘግየት ደግሞ የማቆያው ግቢ ውስጥ ራሱ ይጠብቃል። አብዛኛው ጤና ጣቢያ ኦፕራሲዮን አይሠራም። ቀድሞ በኦፕራሲዮን የወለደች ሴት እንዲህ ባለ ጤና ጣቢያ ማቆያ ሦስት ሳምንት ብትቀመጥ፣ ምጡ ሲመጣ እንደገና መንገድ ነው። የምትሄድ ዘመድ ካለቻችሁ፣ ስንቅና ጋቢ ከማዘጋጀታችሁ በፊት ደውላችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁ። «እዚያ ኦፕራሲዮን ይሠራል? ሌሊትም?»